ሁለት ጓንት ደርቤ የገባሁበት ክፍል

(ይህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ተሰብስበው ለነበሩ፣ በአረጋውያን መኖሪያና በየሰው ቤት የእንክብካቤ ሥራ ለሚሠሩ ወገኖች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ? ቅዳሜ ከሰዓትን ለስብሰባ መስጠት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግማሾቻችሁ የሌሊት ሺፍት ጨርሳችሁ ሳትተኙ ነው የመጣችሁት። ከኋላ ሁለት ሰዎች ሲያንጎላጁ ይታዩኛል። ተኙ፣ አልቀየምም። ቡናው ሲደርስ እንቀሰቅሳችኋለን።

ስለ ኤች አይ ቪ ላወራ መሆኑን ስነግራት አንዲት ጓደኛዬ "ይሄ ነገር አሁንም አለ እንዴ?" አለችኝ። አሥራ አምስት ዓመት ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ውስጥ ሠርታለች። በእነዚያ ዓመታት ቫይረሱ በደማቸው ያለ ስንት ሰዎችን እንዳጠበች፣ እንዳለበሰች፣ እንዳበላች እሷም አታውቅም። ማወቅም አልነበረባትም። ለምን እንደሆነ ኋላ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልናገር።

አዲስ ሲ ኤን ኤ፣ ማለትም የነርስ ረዳት፣ በነበርኩበት ጊዜ ነው። ጠዋት ሺፍት ስንቀያየር የሌሊቷ ልጅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ በአማርኛ "የመጨረሻው ክፍል ሰውዬ ያ ነገር አለበት፤ ተጠንቀቂ" አለችኝ። ስሙን እንኳ አልጠራችውም። "ያ ነገር" ብቻ። እኔም ሁለት ጓንት ደረብኩ፣ ማስክ አደረግሁ፣ የቁርሱን ትሪ ይዤ ገባሁ። ሰውዬው ደም የለው፣ ቁስል የለው። የሚፈልገው የሸሚዙን ቁልፍ እንድቆልፍለትና ቡናውን አጠገቡ እንዳስቀምጥለት ነበር። እጄን አየ፣ ፊቴን አየና "ዛሬ ቀዶ ጥገና አለብኝ እንዴ?" አለኝ። ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ከዚያ ወጥቼ ፊት ለፊት ያሉት ባልቴት ክፍል ገባሁ። አያቴን ስለሚመስሉኝ እወዳቸው ነበር። የሽማግሌ ቆዳ ታውቃላችሁ፣ እንደ ወረቀት ነው። ክንዳቸው ከአልጋው ብረት ጋር ተጋጭቶ ተልጧል፣ ደሙ ይወርዳል። ሶፍት አንስቼ ጠረግሁላቸው፣ ጫን አድርጌም ያዝኩላቸው። በባዶ እጄ! እኚያ ሴትዮ በሕይወታቸው አንድ ቀን ተመርምረው ያውቁ እንደሆነ እኔም አላውቅም፣ ሐኪማቸውም የሚያውቅ አይመስለኝም።

በአሥር ደቂቃ ውስጥ ነው ሁለቱንም ያደረግሁት። ደም ለሌለበት ሥራ ሁለት ጓንት፣ ደም ላለበት ሥራ ባዶ እጅ። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንኑ ነው። ፍርሃታችን አድራሻውን ስቷል።

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ እናውቃለን። ኢትዮጵያ ውስጥ ቫይረሱ መኖሩ የታወቀው በ1984፣ የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን የታዩት በ1986 ነው። የብዙዎቻችን ልጅነት ወይም ወጣትነት ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው ያለፈው። ለቅሶ ቤት እንሄዳለን፣ "ምን ነካው?" ስንል "ሳንባ ነው" ይሉናል፣ ሁላችንም ጭንቅላታችንን እንነቀንቃለን። ሳህኑ ለብቻ፣ ብርጭቆው ለብቻ። መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት የጀመረው በ2005 ነው። ከዚያ በፊት አገር የለቀቀ ሰው በሻንጣው ይዞት የመጣው ሥዕል የከሳ ሰው ሥዕል ነው። ሥዕሉ አልታደሰም።

አሜሪካኖቹም የራሳቸው ሥዕል አላቸው። የመጀመሪያው ሪፖርት የወጣው ሰኔ 1981 ነው፤ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ስለታመሙ አምስት ወጣት ወንዶች። ከዚያ እስከ 1996 ድረስ፣ ማለትም መድኃኒቶችን አቀናጅቶ መስጠት እስኪለመድ፣ አንድ ትውልድ ረገፈ። ያን ጊዜ ወጣት የነበሩና የተረፉ ሰዎች አሁን ሰባና ሰማንያ ዓመት ሞልቷቸዋል። የእኛን እጅ የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ጓደኞቻቸውን ሁሉ ቀብረው የቀሩ አሉ። ከእኛ ልማድ የተለየ ሕይወት የኖሩም አሉ፣ እሱ የእኛ ጉዳይ አይደለም። ጠዋት ስንገባ "ደህና አደርክ?" የሚላቸው ሌላ ሰው ላይኖር ይችላል።

ዛሬ በዚህ አገር ቫይረሱ በደማቸው እንዳለ ከታወቁት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 50 ዓመትና ከዚያ በላይ ናቸው። ስለዚህ ጉዳዩ የአረጋውያን መኖሪያ ጉዳይ ሆኗል፣ ብንወድም ባንወድም።

አሁን ወደ ፍርሃቱ። በምራቅ አይተላለፍም። በላብ፣ በእንባ አይተላለፍም። ሽንት፣ ሰገራ፣ ትውከት፣ ደም ካልታየበት በስተቀር አያስተላልፍም። አንሶላ፣ ማንኪያ፣ ሽንት ቤት፣ መተቃቀፍ ምንም አያመጡም። እኛን በሥራ ላይ የሚመለከተን ደም ነው። እሱም ቢሆን ወደ ውስጥ የሚገባበት በር ይፈልጋል፤ የመርፌ ውግ፣ የተቆረጠ ቆዳ፣ ዓይን፣ አፍ።

ቁጥር ለሚወድ ሰው ቁጥር አለ። ቫይረሱ ያለበት ደም በነካው መርፌ ከተወጉ 1,000 ሰዎች መካከል የሚያዙት ሁለት ወይም ሦስት ናቸው፤ ያውም ምንም መድኃኒት ካልወሰዱ። ከ1985 እስከ 2013 ድረስ በመላው አሜሪካ በሥራ ላይ መያዛቸው የተረጋገጠ የጤና ሠራተኞች 58 ናቸው። ከ1999 በኋላ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ሰው ነበር። ደም በሌለበት፣ ሰው በማጠብ፣ በማልበስ፣ ዳይፐር በመቀየር፣ በማብላት ብቻ አይያዝም።

በዚህ ላይ መድኃኒቱን በሥርዓት የሚወስድ ሰው አለ። ቫይረሱ በደሙ ውስጥ በጣም ስለሚቀንስ በምርመራ አይታይም። ይህን ያህል የቀነሰለት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለማንም አያስተላልፍም። "ብዙም አያስተላልፍም" አላልኩም። አያስተላልፍም ነው ያልኩት። አውሮፓ ውስጥ አንዱ ቫይረሱ ያለበት፣ ሌላው የሌለበት ጥንዶችን ለዓመታት የተከታተለው ፓርትነር የተባለው ጥናት ውጤቱን በ2016 እና በ2019 አውጥቷል። መድኃኒቱ ከሠራለት ሰው ወደ አጋሩ የተላለፈ ዜሮ ነው።

አሁን እውነተኛው አደጋ የት እንዳለ ላሳያችሁ። እዚህ ውስጥ ሜድ ቴክ፣ መድኃኒት ሰጪ፣ የሆናችሁ እጃችሁን አውጡ። ብዙ ናችሁ። የስኳር መለኪያዋን መሣሪያ ታውቋታላችሁ። ጣት የምትወጋዋን ብዕርም ታውቋታላችሁ። በ2010 ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ አንድ አሲስትድ ሊቪንግ (የአረጋውያን መኖሪያ) ውስጥ ስምንት አረጋውያን በጉበት በሽታ፣ በሄፓታይተስ ቢ ተያዙ፣ ስድስቱ ሞቱ። ምክንያቱ ሲጣራ የስኳር መለኪያ ዕቃዎችን በጋራ መጠቀም ሆኖ ተገኘ። እዚሁ ጎረቤታችን ቨርጂኒያም ከ2009 እስከ 2011 ባሉት ዓመታት በተመሳሳይ ምክንያት በተለያዩ መኖሪያዎች ሰዎች ታመዋል።

አስቡት። መርፌዋ ተቀይራ ብዕሩ ካልተቀየረ፣ መሣሪያው ላይ ለዓይን የማይታይ ደም ካለ፣ ከአንዱ ጣት ወደ ሌላው ጣት በሰልፍ እየዞርን በሽታ እናድላለን ማለት ነው። ሄፓታይተስ ቢ ከኤች አይ ቪ በብዙ እጥፍ ይበልጥ በቀላሉ የሚተላለፍ ነው፣ ደርቆ እንኳ ዕቃ ላይ ለቀናት ይቆያል። የመጨረሻው ክፍል ሰውዬ ላይ ሁለት ጓንት የምትደርብ ልጅ በዚያው ጠዋት በአንድ ብዕር ስድስት ሰው ትወጋለች። ብዕሩ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ይሁን፣ ስሙም ይጻፍበት። አንዴ ወግቶ የሚጣለው ከተገኘ ደግሞ እሱ ይሻላል። መለኪያው የጋራ ከሆነ በእያንዳንዱ ሰው መካከል መመሪያው በሚለው ፈሳሽ ይጽዳ። ጓንትም በየሰዉ ይቀየር። የጢም ምላጭና የጥርስ ብሩሽም እንዲሁ ናቸው። የሁለት ሰው ምላጭ በአንድ ኩባያ ውስጥ ካያችሁ ሁለቱንም ጣሉ።

የጓንቱ ሕግ እንግዲህ አንድ ነው። ጓንት የሚያስለብሰን ሥራው ነው፣ የሰውዬው ምርመራ አይደለም። ደም፣ ቁስል፣ ሽንት፣ ሰገራ፣ አፍ ውስጥ የሚገባ እጅ ካለ፣ ጓንት። ለማንም። አያታችንን ለሚመስሉትም። ፀጉር ማበጠር፣ ወንበር መግፋት፣ እጅ መያዝ ከሆነ፣ ባዶ እጅ። ለማንም። "ማወቅ አልነበረባትም" ያልኩት ለዚህ ነው። ሁሉንም እኩል የሚጠነቀቅ ሰው የማን ደም ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ አያስፈልገውም። ጓንት ስታወልቁ እጃችሁን ታጠቡ፤ ይሄን እናታችሁም ነግራችኋለች።

ደም መሬት ላይ ከፈሰሰ መጀመሪያ በወረቀት ጥረጉት፣ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጣችሁ አሥር ደቂቃ ተዉት። መሥሪያ ቤታችሁ የራሱ ፈሳሽ ካለው ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ተከተሉ። የተጠቀማችሁበትን መርፌ ክዳኑን መልሳችሁ አትግጠሙ፣ በቀጥታ መርፌ መጣያው ሳጥን ውስጥ። አንሶላ ስትሰበስቡ እያያችሁ። የኢንሱሊን መርፌ አንሶላ ውስጥ ተጠቅልሎ ስንቱን ወግቷል።

የማውቃት አንዲት ልጅ እንዲያ ነው የተወጋችው። ዓርብ ማታ። ለሱፐርቫይዘሯ ብትናገር ሥራዋን የምታጣ መሰላት። ቅዳሜ አለቀሰች፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄደች፣ ሰኞ ማታ ለእኔ ደወለች። ከተወጋ በኋላ የሚወሰደው መከላከያ መድኃኒት ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ይሻላል የሚባለው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። ለ28 ቀን ይወሰዳል። ዓርብ ማታና ሰኞ ማታን ቁጠሩት። ወራት በምርመራ ተመላልሳ በመጨረሻ ነጻ ሆነች። ግን በእነዚያ ወራት ክብደቷ እንዴት እንደቀነሰ እኔ ነኝ የማውቀው።

ከተወጋችሁ በሳሙናና በውኃ ታጠቡ፣ አትጭመቁት፣ በረኪና አታድርጉበት። ዓይናችሁ ውስጥ ከገባ በውኃ አጥለቅልቁት። ከዚያ በዚያው ሰዓት ተናገሩ። በፌዴራል ሕግ፣ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ኦሻ በ1991 ባወጣው ደንብ፣ አሠሪው ለሕክምና ምርመራው መክፈል አለበት፣ ውጤቱም ሚስጥር ነው። የሄፓታይተስ ቢ ክትባትም ከደም ጋር ለሚሠራ ሠራተኛ ሥራ በጀመረ በአሥር የሥራ ቀን ውስጥ በነጻ እንዲቀርብ ያዛል። ክትባቱን "አልፈልግም" ብላችሁ ፈርማችሁ የነበራችሁም ሐሳባችሁን መቀየር ትችላላችሁ። ያን ወረቀት ሳናነብ ነው የፈረምነው፣ እንተዋወቃለን።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ እያፈርኩ ቢሆንም እናገራለሁ። ሽማግሌዎች ይዋደዳሉ። አትሳቁ! ነርሲንግ ሆም ውስጥ የሠራ ሰው ያውቃል፤ ሳያንኳኩ በር ከፍቶ የደነገጠ እዚህ መኖሩ አይቀርም። ልጅ የመውለድ ሥጋት ስለሌለ ኮንዶም ትዝ አይላቸውም። ካረጡ በኋላ የሴት ገላ ስለሚደርቅና ስለሚሳሳ በቀላሉ ይቆስላል። ቪያግራ ከ1998 ጀምሮ በገበያ ላይ ነው። ሐኪሙ ደግሞ የሰባ ዓመት ሰው ስለዚህ ጉዳይ መጠየቅ ያፍራል። በሽታው ሲመጣ ክብደት መቀነስ፣ ድካም፣ መርሳት ነው የሚያሳየው። "እርጅና ነው" ይባላል። በየዓመቱ ቫይረሱ በአዲስ ከሚገኝባቸው ሰዎች ከስድስቱ አንዱ ገደማ 50 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ ዘግይተው የሚታወቁት እነሱ ናቸው። የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሲ ዲ ሲ ሁሉም ሰው ቢያንስ አንዴ ይመርመር የሚለው እስከ 64 ዓመት ድረስ ስለሆነ ከዚያ በላይ ያለው ካልጠየቀ ማንም ላይመረምረው ይችላል። ተጋላጭ ለሆነ ሰው የአረጋውያኑ የመንግሥት ጤና መድን፣ ሜዲኬር፣ በዓመት አንዴ ይከፍላል።

የግል ጊዜያቸው መብታቸው ነው፣ አንኳኩታችሁ ግቡ። ግን አንደኛው ወገን የመርሳት ችግር ካለበትና የተስማማ የማይመስል ነገር ካያችሁ ለነርሷ ንገሩ። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ሰዎች። ይህን ክፍል ነው በደንብ ላወራበት የፈለግሁት።

የእኛ እናቶችና አባቶችም ወደ መኖሪያ ቤቶቹ መግባት ጀምረዋል። አማርኛ የሚናገር ሠራተኛ ሲያገኙ ፊታቸው ይበራል። የሚፈሩትም ያንኑ ሠራተኛ ነው። አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ ማንነት እንዳይታወቅ ቀያይሬዋለሁ።

አንዲት እናት ነበሩ። ከአገር ቤት ከመጡ ብዙ አልቆዩም። አልጋቸውን ሳነጥፍ ከትራሱ ሥር የቫይታሚን ብልቃጥ አገኘሁ። ውስጡ ያለው ቫይታሚን አልነበረም። ኪኒኑን አውቀዋለሁ፤ ዶሉቴግራቪር ያለበት፣ አገር ቤት በብዛት የሚሰጠው የኤች አይ ቪ መድኃኒት ነው። በመድኃኒት ዝርዝራቸው ላይ የለም። ሐኪማቸው አያውቅም። ልጃቸውም አታውቅም። በራሳቸው ብልቃጥ ገልብጠው፣ በየጠዋቱ ሽንት ቤት ገብተው ይውጡታል።

እኛ ደግሞ በየጠዋቱ ለአጥንታቸው ካልሲየም፣ ለደማቸው አይረን እንሰጣቸዋለን። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀምሱም። ይህ ኪኒን ከካልሲየም ወይም ከአይረን ጋር በባዶ ሆድ አንድ ላይ ከተዋጠ ወደ ደም የሚገባው በጣም ይቀንሳል። ወይ ከምግብ ጋር አንድ ላይ፣ ወይ ኪኒኑ ሁለት ሰዓት ቀድሞ፣ አለዚያም ስድስት ሰዓት ቆይቶ ነው የሚወሰደው። እማማ በሥርዓት እየወሰዱ፣ እኛም በሥርዓት እየሰጠን፣ መድኃኒቱን አብረን ገደልነው። ያደረገው ዕውቀት ማጣት አይደለም። መደበቅ ነው። የደበቁት ደግሞ ከእኛ ነው።

ሌላ ሰው በሌለበት ተቀመጥኩና "እማማ፣ ይሄ የእርስዎ ነው?" አልኳቸው።

"ቫይታሚን ነው ልጄ።"

"እኔ ነርስ ነኝ። ኪኒኑን አውቀዋለሁ። ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም።"

ዝም አሉ። ከዚያ የጠየቁኝን እስካሁን አልረሳውም። "ልሞት ነው ወይ?" አላሉኝም። "ልጄ ትሰማ ይሆን?" አላሉኝም። "አንቺ ቤተ ክርስቲያን ትመጫለሽ አይደል?" አሉኝ።

"እመጣለሁ" አልኳቸው። "እዚያ ስንገናኝ የማውቀው ስምዎን ብቻ ነው።"

ለሐኪሙ እንዲነገር ፈቀዱ። የመድኃኒቱ ሰዓት ተስተካከለ። ጾሙን በተመለከተ የንስሐ አባታቸውን አነጋገሩ፤ ለመድኃኒት የሚወሰድ ነገር ችግር እንደሌለው ነገሯቸው። ጠበል ብቻ ይበቃል የሚሉ ሰዎች ካጋጠሟችሁም፣ አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ በነበሩ ጊዜ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው በአደባባይ መናገራቸውን አስታውሷቸው።

እኛ ሐበሾች ሚስጥር ስናወጣ ክፉ ለማድረግ አስበን አይደለም። "እግዚአብሔር ይማራት፣ እንዲህ ሆናለች አሉ" ብለን ነው የምናወጣው። በሐዘኔታ! በሕጉ ግን ሐዘኔታም ቢሆን ጥሰት ነው። የታካሚን ሚስጥር የሚጠብቀው ሕግ፣ ሂፓ፣ የሚለው በሥራ ላይ ያወቃችሁት የሌላ ሰው ጤና ለሥራው ከሚያስፈልገው ሰው አያልፍም ነው። ባላችሁም፣ ጓደኛችሁም፣ ቡና ላይ ያለችውም የሉበትም። ለማስተርጎም ከተጠራችሁና ሰውዬውን ከሰፈር የምታውቁት ከሆነ ደግሞ "በስልክ የሚያስተረጉም ሰው ይቅረብ" በሉ። በሌላ ስቴት ያለ፣ ስሙን የማያውቁት ሰው ሲሆን ሽማግሌዎቻችን አፋቸውን ይከፍታሉ። መኖሪያ ቤቱ የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ከሆነ ይህን የማቅረብ ግዴታ አለበት።

ጥያቄዎች ቀርበው ነበር፤ የተወሰኑትን ብቻ ላስቀምጥ።

አንዲት እናት "ማጉረስስ?" አሉ። ይቻላል። ጉርሻ ኤች አይ ቪ አያስተላልፍም። መሥሪያ ቤታችሁ ምግብ በጓንት ወይም በማንኪያ ይሰጥ የሚል ደንብ ካለው እሱ የንጽሕና ደንብ ነው፣ ለሁሉም ነዋሪ እኩል ነው።

"እኔ እንዲህ ዓይነቱን ሰው አልነካም ማለት እችላለሁ?" ያለ ነበር። አትችልም ወንድሜ። መኖሪያ ቤቱም አልቀበልም ማለት አይችልም። የ1990ው የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ ይከለክላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1998 በአንድ የጥርስ ሐኪም ጉዳይ ላይ ሕጉ ኤች አይ ቪ ያለበትን ሰው እንደሚያካትት ወስኗል።

"የመርሳት ችግር ያለበት ሰው ቢነክሰኝስ?" ቆዳው ካልተቀደደ ምንም የለም። ከተቀደደና ደም ከታየ ታጠብ፣ ተናገር፣ ሐኪም ይየው። ከንክሻ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ሌላ ኢንፌክሽን ነው።

የመጨረሻው በወረቀት ነው የመጣው። ታጥፎ፣ ከእጅ ወደ እጅ እያለፈ። "ቫይረሱ በደሜ አለ። ይህን ሥራ መቀጠል እችላለሁ ወይ?" ይላል። ትችላለህ፣ ትችያለሽ። በምንሠራው ሥራ ለነዋሪዎቹ የሚያሰጋ ነገር የለም። በዚህ ምክንያት ከሥራ ማባረር ሕገ ወጥ ነው። ለሥራ ባልደረባ መንገርም ግዴታ አይደለም። መድኃኒትህን ውሰድ፣ የሐኪም ቀጠሮሽን ከሺፍት ጋር አታጋጪ፣ ጓንቱን እንደማንኛችንም ልበሱ።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አልተውኩትም። ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የእጅ ጽሑፍ የሚለይ ሰው አይጠፋም።